የያደታ ማር

አዳማ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለቀነዓ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጀርመን ብርዱ ጀምሯል አሉ። እመቤቴ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ትከልልህ። እኔና ልጄ ዱሬቲ በሐዘናችን ላይ ብንሆንም ቆመን እንሄዳለን፤ ስሙ ይመስገን።

በወረቀት የጻፍኩልህ ስልክ ላይ ፊደል መልቀም ስለማይሆንልኝ ነው። ዱሬቲ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አንተም ስትመልስ እሷ እንደምታነበው እወቅ፤ በኋላ አላወቅሁም እንዳትል።

ባለቤቴ ያደታ ካረፈ ሦስት ወር ሆነው። አንተ የአክስቱ የልጅ ልጅ ነህ፤ ሲቆጥሩት ሩቅ ነው። ግን በለቅሶው ሰሞን ደውለህ ያለቀስከውን ለቅሶ ከቅርቦቹ አላየሁም፤ አልረሳውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ያን ጊዜ ዱሬቲ ፎቶውን የላከችልህ ቢጫ ድንጋይ ትዝ ይልሃል? ያደታ ቡልቡላ ውስጥ፣ ከኮረብታው ጀርባ ካለው ጉድጓድ ያወጣው። አንተ «ይሄማ ወርቃማ ቶፓዝ ይመስላል» አልክ። ያቺ ቃልህ እዚህ ምን እንደሠራች ብታይ ትደነግጣለህ። የያደታ ታናሽ ወንድም ሁንዴ ባጃጁን ሸጦ፣ አራት ሰው ቀጥሮ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ድሮ እዚያ የሚወጣው ሐምራዊው ነበር። ቆፋሪዎቹ ሽንኩርት ይሉታል፣ በባልዲ ነው የሚሸጠው። ግራጫውን ጢስ ይሉታል፣ ነጩን ጥርስ። ቢጫ ግን ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ «የያደታ ማር» ብለው ሰየሙት። አዳማ መናኸሪያ ቆሜ ከቡልቡላ የመጡ ሰዎች የባሌን ስም ሲጠሩ ስሰማ፣ ያልሞተ ይመስለኛል። ሌላ ምን ቀረኝ?

የጓደኛዬ የሸዋወርቅ ልጅ ሊዲ ወደ ፍራንክፈርት ስትመለስ ስድስት ድንጋይ ሰጥቻታለሁ፤ ከእሷ ተቀበል። መሥሪያ ቤትህ ድንጋይ መርምሮ ወረቀት ይሰጣል ብለኸኛል። ወረቀቱ ላይ «የያደታ ቶፓዝ» ብለው ይጻፉልኝ፣ ማኅተምም ያድርጉበት። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፤ ስም ነው የጠየቅሁህ።

የያደታ ባለቤት
ዘርፉ


ጀርመን፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘርፉ፤

የጌታ ሰላም ከቤትዎ አይለይ። ያጽናናዎት፣ ዱሬቲንም ያሳድግልዎት። ዱሬቲ፣ ስታነቢው አንቺንም ሰላም ብያለሁ። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ቀኑ ስላጠረ ሥራ ስገባም ስወጣም ጨለማ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

ድንጋዮቹ ደርሰውኛል፤ የመረመርኳቸውም እኔው ነኝ። እትዬ፣ ቶፓዝ አይደሉም። ኳርትዝ ናቸው።

እንዳይቆጡኝና ላስረዳ። ኳርትዝ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ነው። ሐምራዊው ልጅ አሜቲስት ይባላል፣ ቢጫው ሲትሪን። ጢስ የምትሉትን እዚህም ጢሳማ ኳርትዝ ይሉታል፤ በዚህስ ቆፋሪዎቻችን ከብዙ ነጋዴ ይሻላሉ። ቶፓዝ ግን ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ሲይዙት ይከብዳል፣ ኳርትዝን ይቧጭረዋል። ነጋዴ ነው ቢጫውን ኳርትዝ ወርቃማ ቶፓዝ፣ ጢሳማውን ጢሳማ ቶፓዝ እያለ የሚያጣላን። ፊት ለፊቴ ያለው መሳቢያ እንዲህ ባለ ስም ተሞልቷል። ቀኑን ሙሉ የምሠራው አንዱን ስም ሰርዤ ሌላውን መጻፍ ነው።

ታዲያ ይህን ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ሰው ያን ቀን በስልክ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ራሴንም ገርሞኛል። የነጋዴ ቃል ነው፣ ሳላስበው ወጣ። ሐዘን ላይ ስለነበራችሁ ደስ የሚል ነገር ልናገር ብዬ ነበር። ባጃጅ ይሸጥበታል ብዬ አላሰብኩም።

ሁንዴን እባክዎ ቀስ በል ይበሉልኝ።

አክባሪዎ
ቀነዓ


አዳማ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀነዓ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

ደብዳቤህን ዱሬቲ አነበበችልኝ። አላመንኳትም፤ ተቀብዬ ራሴ ደገምኩት። ኳርትዝ! ኳርትዝ እኮ እኛ አገር የአጥር ግድግዳ የሚቀባ ቀለም ነው። ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት ግቢዋን ኳርትዝ አስቀብታለች፤ ለቀለም ቀቢው ምሳ ያበላሁት እኔ ነኝ። ባሌ ሞቶ ስሙን የግድግዳ ቀለም ላይ ልትጽፍልኝ ነው?

ደግሞ ሽንኩርትና ማር አንድ ቤተሰብ ናቸው ትለኛለህ። ወጥ ሠርተህ አታውቅም እንዴ? ደላላው ኑሬ ሃያ ዓመት ድንጋይ የሸጠ ሰው ነው። «ጀርመን ያለው ልጅ መጽሐፍ አንብቧል፣ እኔ ደግሞ ሸጫለሁ፤ ቶፓዝ ነው» ብሎኛል። ስሙ ቶፓዝ ከሆነ ገዢው ወንበር ይስባል፣ ኳርትዝ ካልነው ቆሞ ይሄዳል። ይህን ነው የሚያውቀው።

ሁንዴ ስምንት ሜትር ደርሷል። ሽንኩርት ሲያገኝ ከአፈሩ ጋር ይጥለዋል፤ ማሩ ከሥር ነው እያለ። ቀስ በል በይው ያልከኝን አልልም። ባጃጁን የሸጠው በአንተ ቃል ነው፤ አንተው ንገረው።

ቶፓዝ የሚለውን ካልጻፍክ ተወው። ያደታ የሚለውን ግን ጻፍልኝ።

ዘርፉ


ጀርመን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዘርፉ፤

እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎት። ጌታ ዘመንዎን ይባርክ፣ ልብዎንም ያሳርፍ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ይደረግልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ከስድስቱ ድንጋዮች አንዷን ቆርጬ በማጉያ መነጽር አይቻታለሁ። ስለ እሷ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ያደታ ድንጋዮቹን ካወጣ በኋላ የት ነበር ያስቀመጣቸው? እሳት ነክቷቸው ያውቃል? ምድጃ አጠገብ ከርመው እንደሆነ፣ ቤትም ተቃጥሎ እንደሆነ ይንገሩኝ። ለምን እንደጠየቅሁ ሲመልሱልኝ እነግርዎታለሁ።

ሁንዴ ስንት ሜትር ደረሰ? ግድግዳውን በእንጨት ይደግፋል ወይ? በሸዋወርቅ በኩል ጥቂት ብር ልኬያለሁ። ጠንካራ ገመድና የራስ ቆብ ይግዙለት። ለሌላ ነገር እንዳይውል አደራ።

ቀነዓ


አዳማ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምንወድህ ለቀነዓ፤

እንዴት ነህ ልጄ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ቤትህስ? እኛ እጅግ ደህና ነን። ጥምቀት እዚህ በጣም ደምቆ ነበር። ዱሬቲ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፍታ ወጣች፤ ብታያት ቁርጥ ያደታን ናት። አዳማ ነፋሱ ብሷል፣ አቧራው ቤቴ ውስጥ አፈር ሊያስቆፍረኝ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ተወደደ፤ የምበላውን ማለቴ ነው። ጎረቤቴ ግድግዳዋ ተላጠ፤ ያው ኳርትዝህ ነው። ላክሁ ያልከው ብር ደርሷል፤ ገመዱም ቆቡም ተገዝቷል። ሁንዴ «ገለቶሚ በይልኝ» ብሎ አመስግኖሃል። አሥራ አንድ ሜትር ገብቷል። እንጨት ስለመደገፉ አልጠየቅሁትም።

እሳት ስላልከው ነገር ጥያቄህ አልገባኝም። ያደታ እዚያው ቡልቡላ የቀበሌው የግራር ደን ጠባቂ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። አሥራ አንድ ዓመት ዱላውን ይዞ በፀሐይ ሲዞር የኖረ ሰው ነው። ከሰል የሚባል ነገር እጁ ነክቶ አያውቅም። ከሰል አክሳዮችን ሲያባርር እግሩ የተላጠ ሰው ነው። ቀብሩ ላይ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ምን እንዳለ የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። ድንጋዩን ያወጣው ከጉድጓዱ ነው፣ ያስቀመጠውም በጨርቅ ከረጢት ነው። ለሁንዴም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ሌላ ነገር የለም።

ይህን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ፣ በሄድክበት ሁሉ ይቅናህ፣ ትዳርም ይስጥህ።

እናትህ ዘርፉ


አዳማ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀነዓ፤

ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ዱሬቲ «ሁለት ምልክት አለው፣ አንብቦታል» ትላለች። አንብበህ ዝም ማለትን ከማን ተማርክ?

ሁንዴ ትከሻው ተሰበረ። ባለፈው ሐሙስ ቡልቡላ ዘነበ፤ ዓርብ ጠዋት ሲገባ የጉድጓዱ ግድግዳ አንድ በኩል ተንዶ እስከ ደረቱ ቀበረው። ድንጋይ የምትለቅመው ቀመሪያ የምትባል ሴት አለች፤ እሷና ሌሎቹ በላክኸው ገመድ ጎትተው አወጡት። ገመዱ ባይኖር ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነበር። ወጌሻ አሽቶታል። ሦስት ቀን ተኛ፣ በአራተኛው ክንዱን በነጠላ አስሮ ተመልሶ ገባ። አሥራ ሦስት ሜትር ነው። ሰማዩ ደግሞ በየቀኑ ይጠቁራል።

ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ስለገባ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይፈልጋል። «ለቀነዓ ጻፊለት፣ እሱ ነው ቶፓዝ መሆኑን የነገረን፣ እሱ ይረዳናል» አለኝ። እንድጽፍ ነገረኝ፣ ጻፍኩ።

እኔ ግን እንድትልክ አልፈልግም። ለምን እንደማልፈልግ አትጠይቀኝ። ጾሙን የያዝኩት እህል አልወርድ ብሎኝ ነው እንጂ ለጽድቅ አይደለም። ሱቅ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ደንበኛ ጨው ሲለኝ ስኳር እሰጣለሁ። ቶሎ መልስልኝ።

ዘርፉ


ጀርመን፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘርፉ፤

ዱሬቲ፣ ይህን ለእናትሽ ስጪና አንቺ አታንብቢው።

ሞተሩን አልልክም። ከዚያ ጉድጓድ ሥር ቢጫ ድንጋይ የለም። ኖሮም አያውቅም።

አሜቲስት በኃይለኛ እሳት ሲቆይ ሐምራዊነቱን ለቆ ቢጫ ይሆናል። እዚህ ሆን ብለው በምድጃ የሚያበስሉት ፋብሪካዎች አሉ። የቆረጥኳት ድንጋይ እግሯ ላይ የጥፍር ያህል ሐምራዊ ቀርቶባታል፤ ስንጥቋ ውስጥ ጥላሸት አለ። ማሩ ራሱ ሽንኩርቱ ነው። ሁንዴ እየወረወረ የሚጥለውን ድንጋይ ፍለጋ ነው ሕይወቱን የሚሰጠው።

ይህን ጥር ላይ አውቄ ነበር። ጥያቄ አስመስዬ የጻፍኩልዎ ነገሩ ከእርስዎ አፍ እንዲወጣ ነው። ከእርስዎ ከወጣ «ቶፓዝ» ያልኩት እኔ አልጠየቅም ብዬ ነው። እኔ ስለ እሳት ጠየቅሁ እንጂ ከሰል የሚል ቃል አልጻፍኩም። ከሰል ያሉት እርስዎ ነዎት። ያን መስመር አሥር ጊዜ አነበብኩትና ገባኝ። የያደታን ስም ላለመንካት ነው ዝም ያልኩት ብል ግማሹ ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ገመድ የላክሁትም ፈርቼ ነው።

ትናንት ለሁንዴ ደወልኩ። አንስቶ «አቤት ቀነዓ፣ ሞተሩ ተላከ?» አለኝ። በድምፁ ደስታውን ስሰማ ስልኩን ዘጋሁት። ደግሜ ስደውል አይገኝም።

እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ ቡልቡላ ይሂዱ። ከጉድጓዱ ያውጡት።

ቀነዓ


አዳማ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀነዓ፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መኪና አጣሁና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። መጀመሪያ ግን ለዱሬቲ ነገርኳት። አባትሽ ከሰል ያከስል ነበር አልኳት። «ስንቴ?» ብላ ጠየቀችኝ እንጂ አላለቀሰችም።

ለአንተም ልንገርህና ይውጣልኝ። ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ራሱ በሚጠብቀው ደን ውስጥ የደረቀ ግራር ያከስል ነበር። የሞተው አንድ የከሰል ክምር ገና እየጨሰ ሳለ ነው። በቀብሩ ማግስት ሰው ሳያይ ልበትነው ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። አፈሩን ስገልጥ ከሥሩ የዱቄት ወተት ጣሳ ተቀብሮ አገኘሁ፤ ድንጋዮቹ እዚያ ውስጥ ነበሩ፣ ቢጫ ሆነው። የሚጨስ ክምር እስኪበርድ ማንም አይነካውም፤ ከሌባ የሚሰውርበት ቦታ አገኘሁ ብሎ ይሆናል። ሽንኩርት ቀብሮ ማር እንደሚሆን እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁም። ሁንዴ ከየት መጣ ሲለኝ፣ ክምሩ ከምል ጉድጓዱ አልኩ። አንዲት ቃል ናት። አንተ በጥር እሳት ብለህ ስትጽፍልኝ ግን ሁሉም ገባኝ። ገብቶኝ ነው ስለ ነፋሱና ስለ ጥምቀቱ የጻፍኩልህ።

ቡልቡላ ስደርስ ሁንዴ ከሥር ነበር። በባልዲ ውሃ እየቀዱ ያወጣሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኬ ውጣ አልኩት። «ቆይ ዘርፌ፣ ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ያብረቀርቃል» አለኝ። ልጄ ትሙት አልኩት፣ ውጣ። በአንድ እጁ ገመዱን ይዞ ጎተቱት። ጭቃው ከፊቱ ሳይወርድ ነገርኩት። ሰዎቹ ሁሉ ቆመው እየሰሙ ነበር፤ ድምፄን ልቀንስ ብል አልሆነልኝም። የባሌን ስም በአደባባይ በራሴ አፍ አዋረድኩት።

ቀመሪያ ምን አለች መሰለህ? «ወላሂ፣ ያደታ ከሰል እንደሚያከስል ማን ያላወቀ አለ? እኔ ራሴ ሁለት ማዳበሪያ ከእሱ ገዝቻለሁ፤ ጥሩ ከሰል ነበር።» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀመንበሩም ያውቅ ነበር አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው ዝም ያሉት። ዘጠኝ ወር በአንገቴ አስሬ የዞርኩት ምሥጢር የማንም ምሥጢር አልነበረም። መሬት ብትከፈት በገባሁ ነበር፤ መሬቱ ደግሞ እዚያው ተከፍቶ ነበር።

ሁንዴ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለኝ። ታጠበ፣ ሸሚዙን በአንድ እጁ ለበሰ፣ ቀመሪያ ቆለፈችለት። ከዚያ «ቢጫ የሆነው ከእሳት መሆኑን መቼ ነው ያወቅሽው?» አለኝ። ጥር አልኩት። «ቀነዓስ?» እሱም ጥር አልኩት። ቁጭ ብሎ በጣቱ ጭቃውን ሲጭር ቆየና፣ «ትከሻዬ የተሰበረው መጋቢት ነው» አለ።

አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ። ከሻሸመኔ ወደ አዳማ የሚሄድ ሚኒባስ ቆመ። ለረዳቱ አዳማ የምወርድበትን ሁሉ ነግሮ፣ በሩን ይዞልኝ፣ «ወይዘሮ ዘርፉ፣ ይግቡ» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ዘርፌ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ቁርሱን ከእኔ ድስት የበላ ሰው ነው። ይግቡ አለኝ፣ ገባሁ።

ከትናንት በስቲያ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ጉድጓዱ ተደርምሷል። ማንም አልነበረበትም። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልጽፍ አልችልም።

ሁንዴ አሁን ዱከም አንድ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆኗል አሉ፤ በተሰበረ ትከሻ ሌላ ሥራ አላገኘም። ስልኬን አያነሳም። ዱሬቲ ስትደውል ያነሳል፣ ስለ እኔ ግን አይጠይቅም።

እኔ ሄጄ በአፌ ተናግሬያለሁ፤ የአንተ ቀርቷል። ለእኔ ይቅርታ ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ እኔ ማን ነኝና ይቅር የምልህ። ወረቀት አውጥተህ ለሁንዴ ጻፍለት። አድራሻውን ዱሬቲ ትልክልሃለች። የጌታ ሰላም፣ ጤናዎን፣ ቤትዎን አትበል። አንተም እኔም ሰላምታ ስናበዛ ነው እሱ ሲቆፍር የከረመው። በመጀመሪያው መስመር «በጥር አውቄ ነበር» በለው፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ ጻፍ።

ዘርፉ